ሶኮትራ ለሥራ ለሚሄድ፦ ባሕሩን ለመጨረሻ ቀን አታቆየው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አቡ ዳቢ የምሠራ የሶላር ቴክኒሻን ነኝ። በመጋቢት ወር አሠሪዎቼ ለአንድ ጤና ጣቢያ ሶላር እንድንተክል ለሁለት ሳምንት ወደ የመኗ ደሴት ወደ ሶኮትራ ሊልኩን ነው። ጓደኞቼ «ሥራው ይደርሳል፣ አንተ ባሕሩን እይ» ይሉኛል። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ዋና የተማርሁት እዚህ በመዋኛ ገንዳ ነው። በውኃ መነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ዓሣ ማየት ለእኔ ቢጤ ይሆናል? ምን ልያዝ? ወቅቱ ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው።
ቴክኒሻኑ

መልስ፦ ይሆናል። ወሩም ተመርጦልሃል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ቢሆን ኖሮ በነፋሱ ምክንያት ባሕሩን ከሩቅ አይተህ ትመለስ ነበር።

እኔም ደሴቱን ያወቅሁት የቴሌኮም ምሰሶ ልተክል ሄጄ ነው። ለሥራ የሄደ ሰው ሁሉ «መጀመሪያ ሥራው ይለቅ፣ በመጨረሻው ቀን እዋኛለሁ» ይላል። ሶኮትራ ላይ በመጨረሻ ቀን መተማመን አይቻልም። በረራው ይሰረዛል፣ ይዛወራል፤ ዕቃ የጫነች ጀልባ ትዘገይና ሥራው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደራረባል። ስለዚህ ገና አቡ ዳቢ ሳለህ ከአለቃህ ጋር ተነጋገርና ከመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ማለዳ አስፈቅድ። ማለዳ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና ውኃው ይናወጣል።

መነጽሩን እዚያው አቡ ዳቢ ግዛ። ሱቁ ውስጥ ማሰሪያውን ሳታጠልቅ ፊትህ ላይ ግጠመውና በአፍንጫህ አየር ሳብ፤ እጅህን ስትለቅ ካልወደቀ ልክህ ነው። የላይኛው ከንፈርህ ጢም ውኃ ያስገባልና ላጨው። ከዚያ ገንዳው ውስጥ ፊትህን ደፍተህ በአፍህ ብቻ መተንፈስ ተለማመድ። መስታወቱ ጉም እንዳይለብስ ከመግባትህ በፊት ምራቅህን ቀብተህ አለቅልቀው፤ አትጸየፍ፣ ጠላቂዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ዲሐምሪን ነው። ከዋና ከተማዋ ከሐዲቦ በስተምሥራቅ፣ ቀላ ካሉ ኮረብታዎች ሥር የሚገኝ ጥብቅ የባሕር ክልል ነው። ጀልባ አያስፈልግህም፤ ከዳርቻው ጥቂት እንደገባህ ኮራሉ፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ዐለት መሳይ ነገር፣ ይጀምራል። ዳርቻው ጠጠርና የተሰባበረ ኮራል ስለሆነ በባዶ እግርህ አትግባ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2008 ደሴቶቹን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 253 የኮራልና 730 የዳርቻ ዓሣ ዝርያዎችን ጠቅሷል፤ አንተ ግን ከሁሉም በፊት የበቀቀን ምንቃር የመሰለ አፍ ያለውን ዓሣ ፈልግ። ኮራሉን ሲቆረጥም ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ቆሎ የሚበላ ሰው አጠገብህ የተቀመጠ ይመስልሃል። ጥቂት ቆይቶ ያንኑ የፈጨውን ነጭ አሸዋ አድርጎ ከኋላው ይበትነዋል። ከዐለት ስንጥቅ ብቅ ብሎ አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ እባብ መሳይ ዓሣ ካየህ አትደንግጥ፤ እየተነፈሰ እንጂ እየዛተብህ አይደለም። እጅህን ወደ ስንጥቁ እንዳትሰድ ብቻ።

ብቻህን አትግባ። ኮራል ላይ አትቁም። ረጅም እጅጌ ልብስ ልበስ፤ ዓሣ ስታይ ጀርባህ በፀሐይ መጠበሱን የምታውቀው ማታ ስትተኛ ነው።

ስለ ሥራው አጭር ነገር ልበልህ። የጎደለ ማገናኛ ወይም ፊውዝ ሐዲቦ ገበያ አገኛለሁ ብለህ አትነሣ። ብሎኑ ሁሉ የማይዝግ ብረት ይሁን፤ የጨው አየሩ ምሕረት የለውም። ገመዱን በቱቦ ሸፍነው፤ ፍየል በየደጁ ነው። የባንክ ካርድህ ስለማይሠራ ያልተጣጠፈ ዶላር ያዝ።

ትርፍ ቀን ካገኘህ ወደ ሆቅ ዋሻ ውጣ። ቤልጂየማውያን ዋሻ አሳሾች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መባቻ ከውስጡ የጥንት መርከበኞችና ነጋዴዎች ጽሑፎችን አግኝተዋል። አብዛኛው የሕንድ ብራህሚ ፊደል ቢሆንም የአክሱም ዘመን ሰዎች የጻፉትም አለበት። እኔ እንደሆንሁ ከታወቀው የዘንዶ ደም ዛፍ ይልቅ ዋሻውን እመርጣለሁ፤ ዛፉን ያላነሣ ካሜራ የለም።

ጾሙ ትንሽ ይፈትንሃል። የአገሩ ምሳ ሩዝ በዓሣ ነው፤ ካልሆነ ሩዝ በፍየል ሥጋ። ባቄላ፣ ቂጣና ቴምር አታጣም። ሽሮና በርበሬ ከአቡ ዳቢ ያዝ፤ ሻይ ስታዝም ያለ ወተት መሆኑን አስቀድመህ ተናገር። ምሳ ሲቀርብ ፊታቸው ቢጫ የሆነ ነጫጭ ጥንብ አንሳዎች እንደ ዶሮ እየተራመዱ ይከቡሃል። ሰው አይፈሩም፤ የሚጠብቁት አጥንት ነው። የአንተን ሽሮ ካዩ በኋላ ወደ ባልደረቦችህ ሰሃን ይዞራሉ።