ቫን ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ዕቃችሁን መዝኑ

ልጆቼ፣ የራሳችሁን ሥራ ጀምራችሁ የዕቃ ማመላለሻ ቫን ልትገዙ ስታስቡ አብዛኞቻችሁ አንድ ነገር ትሉኛላችሁ፦ «ትልቁን ብገዛ ነገ አይቆጨኝም።» ዕድሜዬን ዕቃ በማጓጓዝ ሥራ ላይ ስላሳለፍኩ እዚህ ላይ ላስቆማችሁ እፈልጋለሁ።

ትልቅ ቫን ሁልጊዜ ብዙ ይሸከማል ማለት አይደለም። እያንዳንዱ መኪና ከነጭነቱ ማለፍ የሌለበት ክብደት አለው። ለብዙዎቹ ትልልቅ ቫኖች ይህ ልክ 3,500 ኪሎ ነው። ባዶው መኪና 2,000 ኪሎ ከመዘነ 1,500 ኪሎ ይቀራችኋል። ያው ቫን ረዝሞና ጣሪያው ከፍ ብሎ ሲሠራ ግን ራሱ ይከብዳል። 2,300 ኪሎ ቢደርስ የሚቀራችሁ 1,200 ብቻ ነው። ሰፊ ቦታ ገዛችሁ፣ ሦስት ኩንታል ግን አጣችሁ። ውስጡ የምታስገጥሙት መደርደሪያና አብሯችሁ የሚሄደው ረዳትም የሚቀነሱት ከዚሁ ላይ ነው።

ሴራሚክ የሚያመላልስ ሰው አስቡ። አንዱ ካርቶን 25 ኪሎ ቢሆን 40 ካርቶን አንድ ቶን ሞላ ማለት ነው። ወለሉ ላይ ሲደረደር ግን ከጉልበት በላይ አይወጣም። ዞር ብሎ ሲያይ ቫኑ ባዶ ይመስለዋል፣ «ትንሽ ልጨምር» ይላል። የኋላው ባሌስትራ ይተኛል፣ ፊቱ ይቀላል፣ መሪው እንደ ልብ አይታዘዝም፣ ፍሬን ሲይዝ መኪናው ቶሎ አይቆምም። የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ነውና በዚህ ቀልድ የለም። የስፖንጅ ፍራሽ የሚሸጠው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቫኑ እስከ ጣሪያው ጢም ብሎ ሞልቶም ክብደቱ ከቁጥር አይገባም። ለእሱ ረጅምና ከፍ ያለው ቫን ትክክል ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ለጥቂት ሳምንታት የምታጓጉዙትን መዝኑ፣ ለኩ፣ ጻፉ። ስትወስኑም የዘወትሩን ቀን አስቡ እንጂ በዓመት አንዴ የሚመጣውን የገበያ ግርግር አትዩ። ለዚያ ቀን ትልቅ መኪና መከራየት ይቻላል። ከሚገባው በታች መግዛትም ቢሆን ኪሳራ ነው። አንዱን ጭነት ሁለቴ መመላለስ ነዳጁንም ጊዜውንም ይበላል።

ሜትር ሳትይዙ መኪና ለማየት አትሂዱ። ውስጡን ብቻ ሳይሆን የበሩን ስፋትና ቁመትም ለኩ፤ ብዙ ጊዜ በሩ ከውስጡ ያንሳል። የኋላ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ በሚያወጡት እብጠት መካከል ያለውን ስፋትም አትርሱ። በፓሌት፣ ማለትም ዕቃ ተደርድሮበት አብሮ በሚነሳ የእንጨት ርብራብ፣ የምትሠሩ ከሆነ የተለመደው የአውሮፓ ፓሌት 120 በ80 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚያ መካከል ካልገባ የቀረው ቦታ ምንም አይረዳችሁም። ቁመቱን ደግሞ ከምትውሉበት ቦታ ጋር አስተያዩት። ብዙ ምድር ቤት የመኪና ማቆሚያዎች ከ2 ሜትር ብዙም ያልበለጠ ከፍታ ነው ያላቸው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ቫን አይገባም።

በመጨረሻም ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ከዕቃችሁ ሁሉ አስቸጋሪውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ጫኑት። በሩን ዝጉ፣ ክፈቱ፣ አውርዱት። ሻጩ ቢያጉረመርምም ታገሡት። የክብደቱን ልክም ከአፉ አትቀበሉ። ብዙ ጊዜ በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈ ጽሑፍ አለ፣ ጎንበስ ብላችሁ እሱን አንብቡ።