ከበሮውን አይፈራም

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። የ19 ዓመት ወንድም አለኝ። ልጅ ሳለ አዲስ አበባ አስመርምረነው «ኦቲዝም አለበት» ተባልን። ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። ሠርግ ቤት አምስት ደቂቃ አይቀመጥም። ማኅሌት ግን ከበሮው አጠገቡ እየተመታ ሌሊቱን ቆሞ ያድራል! ዓመተ ምሕረቱን ሲነግሩት 5500 ደምሮ፣ በ19 ገድፎ፣ የጾምና የበዓል ቀን የሚሰላባቸውን ቁጥሮች፣ አበቅቴና መጥቅዑን፣ ያወጣልዎታል። ጾም መቼ እንደሚገባ ጎረቤት የሚጠይቀው እሱን ነው።

ባለፈው የቤተ ክርስቲያኑ መርሐ ግብር በድንገት ቢቀየር መሬት ላይ ወድቆ አለቀሰ። ግማሹ ሰው «ጋኔን ነው» ይላል፣ ግማሹ «የተመረጠ ነው»። እናቴ ገዳም ልታስገባው ቆርጣለች። እምነት ነው ወይስ የኦቲዝሙ ጠባይ? ግራ ገባኝ።

እህቱ

እህቴ፣

እኔ ማኅሌት ላይ መቋሚያዬን ተደግፌ እንቅልፍ የምሰርቅ ሰው ነኝ፤ ወንድምሽ በዚህ ይበልጠኛል።

ባጃጁ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚጮኸው። ማኅሌት ግን ተራ አለው፦ ቁም ዜማ፣ ዝማሜ፣ መረግድ፣ ጽፋት። በቁም ዜማ ከበሮ የለም። ወንድምሽ ከበሮው መቼ እንደሚገባ ያውቃል፤ የጠበቁት ድምፅ ደግሞ እንደ ድንገተኛው አያስበረግግም። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ቀድመው የሚያውቁት ነገር ያሳርፋቸዋል። መወዛወዝም እንዲሁ። ቤት ሲወዛወዝ «ተው!» ሳትሉት አትቀሩም። ዝማሜ ላይ ግን ሊቃውንቱም ይወዛወዛሉ። ዓይን ዓይኑን እያየ «ምን ትሠራለህ?» የሚለውም የለም።

ታዲያ ይኼ እምነቱን ያሳንሰዋል? እኔን ራሴን የሚወስደኝ ዕጣኑ ይሁን ዜማው ይሁን ጸሎቱ፣ ለይቼ አላውቅም። ጋኔን የሚሉትን ተያቸው፤ ኦቲዝም አብሮት የተወለደ የአእምሮ አሠራር ነው። «የተመረጠ» የሚሉትም ቢሆኑ ሸክም ነው የሚጭኑበት።

እናትሽን ቀስ ብለሽ አነጋግሪያቸው። ገዳም ማኅሌት ብቻ አይደለም። ያልለመደው ምግብ አለ፣ ውኃ መቅዳት አለ፣ ድንገት የሚመጣ ትእዛዝ አለ። ለመሆኑ እሱን ጠይቃችሁታል?

ለንስሐ አባታችሁም ንገሯቸው። መርሐ ግብር ሲቀየር አንድ ዲያቆን ቀድሞ ሹክ ይበለው። ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለ ቦታም ፈልጉለት። ከተራ ሲደርስ ደግሞ ታቦቱ የሚወርድበትን መንገድ ከቀናት በፊት በእግር ይዘሽው ሂጂ፤ የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚታጠፍ እያሳየሽ።