ዝናብ የማያስገባ ጨርቅ፦ ከአዳማ አንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ክረምት ሲቃረብ ስለ ጨርቅና ስለ ዝናብ የሚጠይቁን አንባቢያን ይበዛሉ። መልሶቹን ከማንበብዎ በፊት ጨርቅዎ ጥጥ ይሁን ሰው ሠራሽ ያረጋግጡ፤ ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው አይሆንምና።

ጥያቄ፦ ከወፍራም የጥጥ ሸራ የተሰፋ የሥራ ቦርሳ አለኝ። ሰም ቢቀባ ዝናብ ይችላል?

ይችላል፤ ለጥጥ ሸራ በቤት ከሚዘጋጁት ሁሉ የምመርጠውም ይህንን ነው። የንብ ሰም በ62 እና በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ስለሚቀልጥ፣ ሰሙን የያዘውን ጣሳ በቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን በፈላ ውኃ ድስት ውስጥ አስቀምጠው ያቅልጡት። ሰም ብቻውን ሲደርቅ በእጥፋቱ ላይ ስለሚሰነጠቅ፣ ጥቂት የተልባ ዘይት ቢጨምሩበት ይለሰልሳል። ትኩስ እንዳለ በብሩሽ ይቀቡና በላዩ ወረቀት አድርገው ለብ ባለ ካውያ ይተኩሱት፤ ሰሙ ወደ ድሩና ማጉ የሚሰርገው በዚህ ጊዜ ነው። ቀለሙ መጥቆሩ ስለማይቀር በማይታይ ጥግ መሞከር ይገባል። የሻማ ፓራፊንም ይሠራል፤ ነገር ግን አብዛኛው ሻማ ከንብ ሰም ቀድሞ ስለሚለሰልስ፣ በአዳማ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ቦርሳ እጅ ላይ ይለጠፋል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨምድዶ ከተጣለ አየር ጋር ሲዋሃድ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ዘርግተው ውጭ ያድርቁት። ሰሙንም በቤንዚን አሟሙቶ መቀባት የሚመክሩ አሉ፤ እኔ ግን በቤት ውስጥ ፈጽሞ አልመክረውም።

ጥያቄ፦ ሳሙናና ውኃ ማጣሪያው ነጭ ዱቄት ጨርቅን ውኃ እንዳይጠጣ ያደርጉታል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ዱቄቱም ለአዳማ ሰው እንግዳ አይደለም፤ አሉሚኒየም ሰልፌት ሲሆን፣ እዚሁ አጠገባችን አዋሽ መልካሳ ባለው ፋብሪካ ይመረታል። የጥጡን ጨርቅ በመጀመሪያ ሳሙና በሟሟበት ሙቅ ውኃ ነክረው ይጨምቁታል፤ ጥቂት ጠፈፍ ሲል ዱቄቱ በሟሟበት በሌላ ዕቃ ይነክሩታል። ሁለቱ በክሩ ላይ ሲገናኙ ውኃ የማይፈታው፣ ቅባት መሰል የአሉሚኒየም ሳሙና ይፈጠራል። ሁለቱን በአንድ ባልዲ የሚያደባልቅ ሰው ግን ጨርቁ ከመነከሩ በፊት ድብልቁ ረግቶበት ይደክማል። ሳሙናው ከስብ የተሠራ ደረቅ ሳሙና መሆን አለበት፤ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ይህን ሥራ አይሠራም። የዘዴው ጥሩ ጎን ጨርቁ አየር ማሳለፉን አለመተዉ ነው። ጉድለቱም ግልጽ ነው፦ ካፊያን ያንከባልላል እንጂ ውኃ ሲተኛበት ወይም የከተማችን ነፋስ ዝናቡን በጎን ሲገፋው አይቋቋምም፤ በሳሙና ሲታጠብም ቀስ በቀስ ይለቃል።

ጥያቄ፦ ልባሽ ተራ የገዛሁት የዝናብ ጃኬት መጀመሪያ ውኃውን ያንከባልል ነበር፤ አሁን ይጠጣል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይጠቡት። ላብ፣ አቧራና በተለይ የልብስ ማለስለሻ ፈሳሽ የፋብሪካውን ሽፋን ያደክሙታል። በጥቂት ሳሙና አጥበው፣ ሳሙናው ፈጽሞ እስኪወጣ አለቅልቀው፣ ከደረቀ በኋላ በጃኬቱ ላይ የተሰፋው የአያያዝ ምልክት ሙቀት የሚፈቅድ ከሆነ በላዩ ስስ ጨርቅ አድርገው ለብ ባለ ካውያ ይተኩሱት፤ ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ይነቃል። ካልነቃ ለጫማና ለጨርቅ የሚሸጠውን የሲሊኮን ስፕሬይ ውጭ ሆነው፣ ትንፋሽዎን ጠብቀው ይንፉበት። በጃኬት ላይ ሰም አይቀቡ፤ ሰው ሠራሽ ክር ሰምን እንደ ጥጥ አይዝም። ስፕሬይ ሲመርጡ ፍሎሪን ካለበት ይልቅ ሲሊኮኑን እመርጣለሁ፤ ከፍሎሪን ውሕዶች አንዱ የሆነው ፒኤፍኦኤ በተፈጥሮ የማይበሰብስ በመሆኑ በ2019 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ኬሚካሎችን በሚገድበው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የውስጡ ሽፋን እንደ ቅርፊት እየተላጠ ከሆነ ግን ምንም ስፕሬይ አያድነውም።

ጥያቄ፦ የጤፍ ጆንያ የምሸፍንበትን ሸራ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ልቀባው አስቤያለሁ።

እባክዎ ይተዉት። የተቃጠለ ዘይት ካንሰር አምጪ ውሕዶችና የብረት ብናኝ አለበት፤ በሙቀት ሲለሰልስም ወደ ጆንያው ይንጠባጠባል። ለእህል የሚሆነው ያልተቀደደ አዲስ ላስቲክ ወይም ፒቪሲ ሸራ ነው።

ጥያቄ፦ የባጃጄ መጋረጃ አዲስ ሆኖ ሳለ ለምን ያፈሳል?

የሚያፈሰው ጨርቁ ሳይሆን ስፌቱ ነው፤ መርፌው የወጋው እያንዳንዱ ቀዳዳ የውኃ መንገድ ነው። ፒቪሲ ከሆነ ስፌቱን ከውስጥ በኩል ጠርገው፣ ከዚያው ዓይነት የተቀደደ ቁራጭ በፒቪሲ ማጣበቂያ ይለጥፉበት። ሲሊኮን አስቀድመው አይቀቡ፤ አንዴ ከነካው ማጣበቂያው አይይዝም።