ልጄን ወደ ካዴቶች ካምፕ ልላካት?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። የ13 ዓመቷ ልጄ በሰፈራችን ባለው የጦር ካዴቶች ማኅበር በሳምንት አንድ ምሽት ትሠለጥናለች። አሁን ደግሞ በኦገስት ወር ዌልስ ውስጥ ለአንድ ሳምንት በሚካሄድ ካምፕ ተራራ ለመውጣት፣ ታንኳ ለመቅዘፍና ድንኳን ውስጥ ለማደር የፈቃድ ቅጽ አምጥታልኛለች። ታላቅ ወንድሜ በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ በዚያው ስለቀረ፣ «ካዴት» የሚለውን ቃል ስሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም። በዚያ ላይ ወቅቱ የፍልሰታ ጾም ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስጋትዎ የሚገባን ቢሆንም ግማሹ ከቃሉ የመጣ ይመስለናል። በእኛ አገር ካዴት ሲባል የሚታሰበን እንደ ሐረር ጦር አካዳሚ ባለ ተቋም መኮንን ለመሆን የሚሠለጥን ዕጩ መኮንን ነው። የብሪታንያ የጦር ካዴቶች ማኅበር ግን በመከላከያ ሚኒስቴር ቢደገፍም ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የተቋቋመ የወጣቶች ድርጅት ነው፤ አባላቱ ወታደሮች አይደሉም፣ የመዝመት ግዴታም የለባቸውም፣ በፈለጉ ጊዜ ትተው መውጣት ይችላሉ። ሠራዊቱ ራሱ ከ16 ዓመት በታች አይቀጥርም፣ 18 ላልሞላውም የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን ስንል ሠራዊቱ በልጆቹ ዘንድ መወደድን አይሻም ማለታችን አይደለም። የተኩስ ልምምድም ከሥልጠናው አንዱ ክፍል ስለሆነ፣ በዚህ ካምፕ መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ፤ ካልፈለጉም በግልጽ ይንገሯቸው።

ይልቅስ ሊያሳስብዎ የሚገባው ውሃውና ተራራው ነው። በማርች 1993 በደቡብ እንግሊዝ ላይም ቤይ በተባለው የባሕር ወሽመጥ ካያክ ሲቀዝፉ የነበሩ 4 ታዳጊዎች ሕይወታቸው አልፎ ነበር፤ በዚህ ምክንያት በ1995 በወጣ ሕግ፣ ለልጆች እንዲህ ያለውን እንቅስቃሴ በክፍያ የሚያካሂዱ ማዕከላት ፈቃድ እንዲያወጡ ተደረገ። ስለዚህ ልጆቹን የሚመራው የውጭ ማዕከል ከሆነ ፈቃዱን፣ የማኅበሩ የራሱ አሠልጣኞች ከሆኑ ደግሞ የእያንዳንዳቸውን የሙያ ማረጋገጫ ይጠይቁ። አንድ አሠልጣኝ ስንት ልጅ እንደሚይዝ፣ የአየሩ ጠባይ ቢከፋ ጉዞውን የመሰረዝ ሥልጣን የማን እንደሆነም ይነግሩዎታል። ሲጠየቅ የሚቆጣ አሠልጣኝ ካጋጠመዎ ቅጹን ባይፈርሙ እንመርጣለን።

የደቡብ ዌልስ ከፍተኛ ተራራ ፔን ኢ ፋን 886 ሜትር ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ላደገ ሰው ኮረብታ እንኳ ላይመስል ይችላል። ዳሩ ግን አደጋው ያለው በከፍታው ሳይሆን በዝናቡ፣ በነፋሱና ድንገት በሚወርደው ጉም ነው፤ ልብሱ የራሰ ልጅ በኦገስትም ቢሆን ሰውነቱ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ጂንስ ሱሪ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ አይሆንም፤ የሱፍ ካልሲ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ቅያሪ ልብስ ያስፈልጋታል። ቦት ጫማዋን ደግሞ ከመሄዷ ሳምንታት ቀድማ ትለማመደው፤ አዲስ ጫማ የላጠው እግር ጉዞውን በመጀመሪያው ቀን ያበቃዋል።

ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሆነ፣ ካምፑ በዚያ ሳምንት ላይ ከዋለ ቅጹ ላይ «ቬጂቴሪያን» ብለው አይለፉት፤ አይብና እንቁላል ይቀርብላታል። «ቪጋን» ብለው ምክንያቱን ይጻፉ። ፍልሰታን ሕፃናትም ጭምር እንደሚጾሙት እናውቃለን፤ ይሁንና ቀኑን ሙሉ ተራራ ስትወጣ የምትውል ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ መቆየቷ አደገኛ ስለሆነ፣ ስለ ሰዓቱ የንስሐ አባታችሁን አስቀድመው ያማክሩ።

ማተቧንም አይርሱ። በገመድ አለት ስትወጣ በአንገት ላይ ያለ ክር ሊያዝ ስለሚችል ፍቺው ሊሏት ይችላሉ፤ ከልብስ ሥር ማስገባቱ ወይም ለዚያች ሰዓት እጇ ላይ ጠምጥማ መሸፈኑ ይበቃ እንደሆነ ከአሠልጣኙ ጋር ከአሁኑ ቢነጋገሩ፣ ልጅዎ ገደል ሥር ቆማ ብቻዋን ከመከራከር ትድናለች።