የጎልፍ ዌጃችሁ ዝጎባችኋል? ጠይቁኝ፣ እስከ በረካ አለሁ

ሰላም ናችሁ። ባለፈው የጎልፍ አጭሩ ጨዋታዬ (ግሪን ላይና አጠገቡ፣ ማለትም ቀዳዳው ባለበት የተላጨ ሳር ዙሪያ የሚመታው) እንዴት እንደተመለሰልኝ ሁለት መስመር ብጽፍ የውስጥ መልእክት ጎረፈብኝ። ለአንድ ለአንዱ ከምመልስ እዚሁ ጠይቁኝ፣ ሁሉም ያንብበው። ለማታውቁኝ፦ ልጅ ሆኜ ካዲ ነበርኩ፣ ጎልፍን ያወቅኩት የሰው ቦርሳ ተሸክሜ ነው። ኋላ ራሴም ተጫወትኩ። ከዚያ ሥራው፣ ቤት ግንባታው፣ ምኑ ምኑ ተደራርቦ አራት ዓመት ዱላ ሳልነካ ቀረሁ። አሁን የምኖረው ለገጣፎ አካባቢ ነው። ከቤቴ ጀርባ ገና ያልተሠራበት ሜዳ አለ፣ ልምምዴም እዚያው ነው። አሰልጣኝ አይደለሁም። ቡና እየተፈላ ነው፣ እስከ በረካ አለሁ። መብራት ከሄደ ነገ እንቀጥላለን።

ባለ ቪትዙ ከሰበታ፦ ሦስት ዓመት ቆሜ ተመለስኩ። ረጅሙ ምት ደህና ነው። ግሪኑ አጠገብ ስደርስ ግን ወይ ከኳሱ በፊት መሬት እቆፍራለሁ፣ ወይ አናቱን እመታውና ማዶ ይሻገራል። ምን ነካኝ?

የሁላችንም በሽታ ነው። ሁለቱ ስህተቶች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ እናታቸው አንድ ናት፤ ኳሱን በእጅህ ልታነሳው እየሞከርክ ነው። ያኔ ሰውነትህ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ የእጅህ አንጓ ይታጠፋል፣ ዱላው ሲወርድ የሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ከኳሱ ኋላ ይቀራል። እዚያ መሬት ከነካ ቆፈርክ። ካልነካ ደግሞ ሽቅብ እየወጣ ይደርስና አናቱን ይለዋል። ማንሳት ያንተ ሥራ አይደለም፣ የዌጁ፣ የዚህ የአጭር ምት ዱላ፣ ፊት ተጋድሞ የተሠራው ለዚያ ነው።

እኔ ያደረግኩትን ልንገርህ። የመጀመሪያውን ሳምንት ኳስ የሚባል አልነካሁም። ከምድጃ አመድ በጣሳ ወሰድኩና ሳሩ ላይ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቀጭን መስመር አፈሰስኩ፣ ወደ ዒላማው አይደለም፣ ለዒላማው አግድም። መስመሩ በሁለት እግሬ መሃል እንዲያልፍ ቆምኩ። ክብደቴን ወደ ግራ እግሬ ጣልኩት፣ ከመቶ ስልሳ ሰባውን ያህል፣ እስከ መጨረሻውም እዚያው ተውኩት። ከዚያ አንድ ምት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ፣ ሌላ ምት። ዱላው ሳሩን መንካት ያለበት መስመሩ ላይ ወይም ወደ ዒላማው ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። የመጀመሪያ ቀን ከሃያው አሥራ አራቱ ከመስመሩ ኋላ አረፉ፣ አራት ጣት ያህል! አመዱ ላይ ስታየው ምንም ማመካኛ የለህም። ሱሪዬ አመድ ለብሶ ስገባ ባለቤቴ "ጎልፍ ነው ወይስ ከሰል ስታወርድ ዋልክ?" አለችኝ። በሳምንቱ መጨረሻ ግን አሥራ ስድስቱ መስመሩ ላይ ነበሩ። ኳስ ያስቀመጥኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ዝም ብሎ አንባቢ፦ በቀን ስንት ኳስ ልምታ?

ሃያ። ሃያዎቹንም ከአንድ ቦታ አትምታቸው።

የምሬን ነው። ባልዲ ሙሉ ኳስ አፍስሶ ከአንድ ቦታ መቶ ጊዜ መምታት ያታልላል። አሥረኛው ላይ እጅህ ርቀቱን ይለምደዋል፣ ከዚያ በኋላ የምታየው ጉብዝና የዚያች ቦታ ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ደግሞ ማንም ሁለተኛ ዕድል አይሰጥህም። አንድ ኳስ ምታ፣ ሄደህ አንሳው፣ ቦታ ቀይር፣ ዱላ ቀይር። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ጨዋታ ሲቆም የሚጠፋው የርቀት ግምት ነው፣ አመታቱ ቶሎ ይመለሳል፣ ግምቱን የሚመልሰው ደግሞ ይኼ አሰልቺው መንገድ ነው።

ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ፦ ለናንተ ሜዳ አለ። እኔ ከየት አምጥቼ? ሳሎኔ አራት ሜትር አይሞላም።

አራት ሜትር ለፓት፣ ኳሱን መሬት ለመሬት ወደ ቀዳዳው ለማንከባለል፣ ሞልቶ ተርፏል። የጎልፍ ቀዳዳ ስፋቱ 10.8 ሳንቲ ሜትር ነው። የቡና ስኒህን ወለል ላይ በጎኗ አጋድማት፣ አፏ ከዚያ በብዙ ይጠባል። ከአንድ ሜትር ስኒ ውስጥ ማስገባት ከለመድክ ሜዳ ላይ ቀዳዳው ጉድጓድ ሆኖ ነው የሚታይህ። ስኒዋ ከተሰበረች ግን እኔን እንዳትጠራ።

ለፍጥነት ደግሞ ይቺን ያዝ። ድሮ ናሳ ይሠራ የነበረው ዴቭ ፔልዝ ፓትን ብዙ የለካ ሰው ነበር። እሱ ይል እንደነበረው ያልገባ ኳስ ቀዳዳውን በ43 ሳንቲ ሜትር ያህል አልፎ ቢቆም ፍጥነቱ ጥሩ ነበር ማለት ነው። ስኒዋን አንሳና በቦታዋ ሳንቲም አስቀምጥ፣ ከሳንቲሙ ወዲያ አንድ ክንድ በማትሞላ ቦታ ላይ መጽሐፍ አድርግ። ኳሱ ሳንቲሙን አልፎ መጽሐፉን ሳይነካ ይቁም። ምንጣፍ ፈጣን ስለሆነ ቁጥሩን ለሜዳ አትውሰደው፣ ልማዱን ውሰደው። ቺፕ፣ ማለትም ትንሽ ተነስቶ የሚንከባለለው አጭር ምት፣ ቤት ውስጥ ካማረህ በካልሲ ኳስ ምታ፣ ሰፈር ውስጥ እንደምንጫወትባት፣ አነስ አድርገህ። የታችኛው ጎረቤት ግን ጩኸቱን ይሰማል።

ወንድሙ የላከለት፦ አሜሪካ ያለው ወንድሜ 60 ዲግሪ ዌጅ ላከልኝ። ለቺፕ ሁሌም እሱን ነው የምጠቀመው፣ ቴሌቪዥን ላይ እንደማየው። አንዳንዴ ያምራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉድ ይሠራኛል።

ወንድምህ ይባረክ፣ ዌጁን ግን ለጊዜው አልጋ ሥር አድርገው። ፊቱ እንዲህ የተጋደመ ዱላ ኳሱን ከፍ አድርጎ ቶሎ ያቆመዋል፣ ለዚያ ደግሞ ረጅም ማወዛወዝና ጥርት ያለ ንክኪ ይፈልጋል። የዛገ እጅ ሁለቱም የሉትም። ኳሱን ቶሎ መሬት የሚያስነካና የሚያንከባልል ዱላ ያዝ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ በ8 ቁጥር ዱላና ፊቱ ከሌሎቹ ዌጆች ባነሰ በተጋደመው በፒቺንግ ዌጅ ብቻ ነው የተለማመድኩት።

አንድ የድሮ ሂሳብ አለ፣ የ12 ሂሳብ ይሉታል። ከ12 ላይ የዱላውን ቁጥር ቀንስ፤ የሚተርፈው ኳሱ በአየር ከሄደው ስንት እጥፍ መሬት ላይ እንደሚንከባለል ይነግርሃል። 8 ቁጥር ከሆነ አራት እጥፍ፣ 9 ከሆነ ሦስት፣ ፒቺንግ ዌጅን 10 ብለህ ቁጠረው፣ ሁለት እጥፍ። እንበልና ከኳሱ እስከ ግሪኑ ሁለት እርምጃ ተኩል ነው፣ እስከ ቀዳዳው በድምሩ አሥራ አምስት። ሦስተኛው እርምጃ ላይ አሳርፈው፣ አሥራ ሁለቱን ይንከባለል። ይኼ የ8 ቁጥር ሥራ ነው። ግሪኑ ዘገምተኛ ወይም ዳገት ከሆነ ትንሽ ትጨምራለህ። ከሂሳቡ የበለጠ የሚጠቅምህ ግን ኳሱ የሚያርፍበትን ቦታ እንድትመርጥ ማስገደዱ ነው። እኔ ሜዳው ላይ ፎጣ አነጥፋለሁ። ዓይኔ ፎጣው ላይ ነው፣ ቀዳዳውን እረሳዋለሁ።

ሰውየው ከአየር ጤና፦ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ኳስ ይርቃል ይባላል። ቺፕም ላይ ይሠራል?

ለረጅሙ ምት እውነት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ስለዚህ ሙሉ ምት ባህር ዳርቻ ካለ ሜዳ 8 በመቶ ገደማ ይጨምርልሃል። 150 ሜትር የሚመታ 160 ተሻገረ ማለት ነው። ለአሥር እርምጃ ቺፕ ግን እርሳው። ቺፕህ ከረዘመ ጥፋቱ የእንጦጦ አየር አይደለም።

ጭቃ የሰለቸው፦ ክረምት ላይ ዌጁ መሬት ውስጥ ይሰምጣል፣ በጋ ላይ ደግሞ ነጥሮ ይመለሳል። ሁለት ስብስብ ልግዛ እንዴ?

አትግዛ፣ ግን ጥያቄህ ጥሩ ነው። የዌጅን የታችኛውን ክፍል ገልብጠህ እየው። ፊት ለፊቱ ስለት አለው፣ ከስለቱ ኋላ ደግሞ ሆድ አለው፣ ባውንስ የሚባለው ይኼ ነው። ሆዱ ወፍራም ከሆነ ዱላው ሳይሰምጥ ይንሸራተታል፣ ለስላሳ መሬትና አሸዋ ይወዳል። ቀጭን ከሆነ ለደረቅ መሬት ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ እኛ ጋ ያለው መረሬ እንደ ሊጥ ነው። ስለቱን አስቀድመህ ከገባህ ዱላህን ጎትተህ ነው የምታወጣው። ስለዚህ ክረምት ላይ እጀታውን ወደ ፊት ብዙ አታዘንብል፣ ፊቱንም ትንሽ ክፈተው፣ ሆዱ ይሥራ። ከጥር በኋላ ያው መሬት ተሰነጣጥቆ ሲሚንቶ ይሆናል። ያኔ ኳሱን ትንሽ ወደ ቀኝ እግርህ አድርገህ ፊቱን ሳትከፍት ምታ። ወይም ፓተር፣ የፓት ዱላህን፣ አውጣ። ከግሪን ውጭ በፓተር መምታት የሚያፍር ሰው አይቼ አላውቅም፣ ማለቴ ከተሳካለት።

ያ እንደ ምንጣፍ የሚሰራጨው የደጋ ሳር፣ ኪኩዩ የሚባለው፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ዱላውን አንቆ ይይዝሃል። እዚያ ውስጥ ኳሱ ከተቀመጠ ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ አሳርፋለሁ ካልክበት ቦታ ትንሽ አስረዝመህ አስብ፣ መሃል ላይ እንዳታቆም።

የጨነቃት፦ ባንከር፣ የአሸዋው ጉድጓድ፣ ውስጥ ስገባ እጸልያለሁ። መለማመጃ አሸዋ ደግሞ የለም።

እንዴ፣ በከተማው ዳር እየኖርሽ አሸዋ የለም ትያለሽ? እኛ ሰፈር ከሁለት ቤት አንዱ በግንባታ ላይ ነው፣ የአሸዋ ክምር መንገዱን ዘግቶታል። ባለቤቱን አስፈቅጂ፣ እሁድ ሠራተኛ በሌለበት ሂጂ፣ ስትጨርሺ በአካፋ መልሺ። እኔ የጎረቤቴን ክምር ሦስት እሁድ ተጠቅሜ ቡና ጋብዤዋለሁ። ጠጠር ያለበት ከሆነ አዲሱን ዌጅ አትውሰጂ፣ ይጫረራል።

እዚያም መስመር አስምሪ። ከኳሱ ኋላ ሦስት አራት ጣት ላይ ነው አሸዋውን የምትመቺው፣ ኳሱን አይደለም። ፊቱን ክፈቺ፣ እግርሽን ትንሽ ቅበሪ፣ መትተሽም ወደ ፊት ጨርሺ። አብዛኛው ሰው የሚቀረው አሸዋው ውስጥ ዱላውን ስለሚያቆም ነው። ውድድር ላይ ደግሞ ከመምታትሽ በፊት ከኳሱ ኋላም ሆነ ፊት ያለውን አሸዋ በዱላ እንዳትነኪ፣ የመለማመጃ ምትም እዚያ አሸዋ ላይ የለም፣ ቅጣት አለው።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ዕድሜዬ 67 ነው። ወገቤ ጎንበስ ማለት አልችልም ይላል። የአንድ ሜትር ፓት ላይ ደግሞ እጄ እንደ ንዝረት ጠቅ ያደርገኛል። ልተወው ይሆን?

ኧረ አይተዉት ጋሼ! ለወገብዎ ረዘም ያለ ፓተር አለ። ቆም ብለው ይመታሉ፣ እጀታውን ሰውነትዎ ላይ አያስደግፉት እንጂ፣ በፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ ተከልክሏል። የእጅ ንዝረቱ ደግሞ እርስዎ ብቻ ላይ አልመጣም፣ ዪፕስ ይሉታል። ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር ይኼው ነገር ደጋግሞ አሠቃይቶት፣ አያያዙን እየቀያየረ የማስተርስን ውድድር በፈረንጆቹ በ1985 እና በ1993 አሸንፏል። እርስዎም አያያዝ ይቀይሩ፤ ግራ እጅን ከታች፣ ወይም ቀኝ እጅን እርሳስ እንደሚይዙ አድርገው። አእምሮ አዲሱን አያያዝ እንደ አሮጌው አይፈራውም። ሲለማመዱም ለጥቂት ቀን ያለ ቀዳዳ ይምቱ። ንዝረቱ ስኒ ሲያነሱም ካለ ግን ሐኪም ያዩልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር ጋሼ፣ ለሌሎችም። የአሜሪካ ፕሮፌሽናሎች ከ2.4 ሜትር ፓት የሚያስገቡት ግማሹን ያህል ነው። እኛ ከዚያ ስተን ዱላ የምንወረውረው በምን ሂሳብ ነው?

የገና ልጅ፦ ልጅ እያለሁ ገና ጨዋታ ላይ አደገኛ ነበርኩ። ይጠቅመኛል?

ለረጅሙ ምት ይጠቅምሃል። ለቺፕ ግን ያ የእጅ አንጓን ቶሎ ማጠፍ ገዳይ ነው። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባላል፣ በጎልፍ ግን ይቆጣሉ።

ባለ ቪትዙ ከሰበታ፦ እንደገና እኔ ነኝ። መሻሻሌን በምን አውቃለሁ?

ቁጠር። ዘጠኝ ቦታ ምረጥ፣ ቀላልም ከባድም ቀላቅል። ከእያንዳንዱ አንድ ቺፕ፣ ከዚያ ፓት እስኪገባ ድረስ። ለአንዱ ቦታ ሁለት ምት ነው ጥሩ የሚባለው፣ ዘጠኙ 18 ይሆናል። ግሪን ከሌለህ መሬቱን አስተካክለህ ጣሳ ቅበር። እኔ ስጀምር 29 ነበርኩ፣ አሁን 22 እና 23 ላይ እመላለሳለሁ፣ አንድ ቀን 20 መጥቶልኝ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ። በሳምንት አንዴ ብቻ ተጫወተውና ደብተር ላይ ጻፈው። የምትጠላውን ቦታ እንዳትዘል። እኔ የምጠላት የእማማን አጥር ተሻግራ የምትመታ ነበረች። አንድ ቀን አናቱን መታሁትና ኳሱ እማማ ያሰጡት በርበሬ መሃል ገባ። በርበሬውን ከዶሮ ሊጠብቁ ዱላ ይዘው ተቀምጠዋል፣ በዚያው ዱላ እኔን አባረሩኝ። አሁን ስጥ ካለ ወደዚያ አልመታም።

ዝም ብሎ አንባቢ፦ በረካ ደረሰ መሰለኝ። የመጨረሻ፦ ባህር ዛፍ ውስጥ ኳስ ቢጠፋ ስንት ደቂቃ ነው የሚፈለገው?

በሕጉ 3 ደቂቃ፣ በፈረንጆቹ እስከ 2018 ድረስ 5 ነበር። እኛ ሜዳ ግን አትድከም። ከብት የሚጠብቁት ልጆች ከመድረስህ በፊት አግኝተውታል፣ ማታ በርህን አንኳኩተው በሃያ ብር ይሸጡልሃል።