በሰው ቤት እየሠራሁ እንዴት ልጸልይ?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ እንደምን አሉ? በዐረብ ሀገር በሰው ቤት ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የዕረፍት ቀን ስለሌለኝ ቤተ ክርስቲያን ከተሳለምሁ ቆየሁ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሬ እስከ እኩለ ሌሊት ስለምሠራ፣ ማታ ውዳሴ ማርያም ከፍቼ ገና «በስመ አብ» ስል እንቅልፍ ይጥለኛል። አሠሪዬ የአንገቴን መስቀል እንዳወልቅ ስላዘዘችኝ ትራሴ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ሀገሬ ሳለሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነበርሁ፤ አሁን ግን እምነቴ ያለቀ፣ እግዚአብሔርም የተወኝ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ የጸሎት መጽሐፍሽን እንደ ያዝሽ እንቅልፍ ስለ ወሰደሽ እግዚአብሔር አልተቆጣሽም። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ በታች ሆኖ «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ለምኖ በተኛ ጊዜ፣ መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት እንጂ ስለ ምን ተኛህ ብሎ አልገሠጸውም። በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ሲተኛም ሁለተኛ መጥቶ ቀሰቀሰው፤ መንገድህ ሩቅ ነውና ብላ አለው (1ኛ ነገ. 19)። አካልሽ ደክሟል፤ የአካል ድካምና የእምነት ማለቅ ግን አንድ አይደሉም። እምነቱ ያለቀበት ሰው «ምን ላድርግ» ብሎ አይጨነቅም።

አንቺ ያለሽበትን ኑሮ መጽሐፍ ቅዱስ ያውቀዋል። ሶርያውያን ከእስራኤል ምድር ማርከው የወሰዷት አንዲት ታናሽ ብላቴና በንዕማን ሚስት ቤት ታገለግል ነበር (2ኛ ነገ. 5)። በዚያ ቤት መቅደስም ካህንም አልነበራትም፤ ስሟ እንኳ አልተጻፈልንም። ነገር ግን ጌታዋ በለምጽ መታመሙን አይታ፣ በሰማርያ ያለው ነቢይ ሊፈውሰው እንደሚችል ለእመቤቷ ነገረቻት፤ ንዕማንም በእርሷ ቃል ተነሥቶ ሄዶ ዳነ። ወደ ሀገራችን ስንመጣም፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስና ኤድስዮስ የሚባሉ የጢሮስ ልጆች፣ በመርከብ አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች በቀይ ባሕር ዳርቻ ሲገደሉ እነርሱ ተርፈው በምርኮ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ገቡ። ኤድስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስም የመዝገብና የሒሳብ ሥራ ተሰጠው። እነርሱም በሰው ሀገር፣ በሰው ቤት፣ የታዘዙትን የሚሠሩ ልጆች ነበሩ። ፍሬምናጦስ ኋላ በእስክንድርያ ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን ተቀብሎ ሲመለስ «አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን» ብለን የምንጠራው የመጀመሪያው ጳጳሳችን ሆነ። ይህን ሁሉ የማነሣልሽ፣ የምታጥቢበትን ወጥ ቤት ከእግዚአብሔር የራቀ ስፍራ አድርገሽ እንዳታዪው ብዬ ነው። እመቤታችንም የመልአኩን ብሥራት የሰማችው ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል፣ ሥራ ላይ እንዳለች እንደ ነበረ አባቶቻችን ያስተምሩናል።

ስለዚህ ጸሎትሽን ሁሉ ጉልበትሽ ባለቀበት ሰዓት ላይ አታከማቺው። ቤተ ክርስቲያን ቀኑን በሰባት የጸሎት ጊዜያት የከፈለችው ሥራ ላለው ሰው ጭምር አስባ ነው። ንጋት ላይ ፊትሽን ታጥበሽ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረሽ፣ አማትበሽ አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» ድገሚ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። 3 ሰዓት ላይ የቁርሱን ዕቃ ስታጥቢ፣ በዚያች ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ እንደ ወረደ አስቢ። 6 ሰዓት ላይ ልብስ ስትተኩሺ ጌታ የተሰቀለባት ሰዓት ናት፤ ካውያውን በገፋሽ ቁጥር በከንፈርሽ ብቻ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በዪ፤ ቁጥሩ ቢጠፋብሽ አትረበሺ። 9 ሰዓት ላይ ወንበዴው በመስቀል ላይ ሆኖ የለመነውን «በመንግሥትህ አስበኝ» የሚለውን ቃል ያዢ። ማታ ከቻልሽ ከውዳሴ ማርያም የዕለቱን ክፍል ብቻ አንብቢ። የሰኞው «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም ኅዙነ ወትኩዘ ልብ» ብሎ ይጀምራል፤ ጌታ ያዘነውንና ልቡ የተከዘውን አዳምን ነጻ ሊያወጣው ወደደ ማለት ነው። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ይዘሽ እንቅልፍ ቢወስድሽ ለእኔ በቂ ጸሎት ነው።

ስለ መስቀሉ፦ አስገድደውሽ ማውለቅሽ ክርስቶስን መካድ አይደለም። በ80 ቀንሽ ተጠምቀሽ 36 ሕዋሳትሽ በሜሮን ታትመዋል፤ ያንን ማኅተም የምታወልቅ አሠሪ የለችም። ትራስሽ ሥር ያለውን መስቀል ማታ አውጥተሽ ተሳለሚው። ሃይማኖትሽን ለውጪ ብትባዪ ግን እሺ አትበዪ፤ በዚህ ላይ ላባብልሽ አልችልም።

ረቡዕና ዓርብ ከሚሰጥሽ ምግብ የጾም የሆነውን መርጠሽ ብዪ፤ ከፍስክ ምግብ በቀር ሌላ የምትበዪው ከሌለሽ ለንስሓ አባትሽ ደውለሽ የሚሉሽን አድርጊ እንጂ በራስሽ አትፍረጂ።

ሁለት ነገር ሳልነግርሽ ባልፍ ግን እበድልሻለሁ። በወጥ ቤት የሚጸለይ ጸሎት ቅዱስ ቁርባንን አይተካም። ዕረፍት ያገኘሽ ቀን፣ በከተማው ምእመናን ተሰባስበው የሚያስቀድሱበት ስፍራ ካለ ጠይቀሽ ሂጂ፤ ከሌለም ሀገርሽ ስትገቢ አስቀድመሽ ንስሓ ግቢና ተዘጋጅተሽ ቁረቢ። ሁለተኛው፣ ደመወዝሽን ከከለከሉሽ ወይም እጃቸውን ካነሡብሽ፣ ትዕግሥት ነው ብለሽ ዝም አትበዪ። ሐዋርያው ጳውሎስ ፍርድ ሊጓደልበት ባየ ጊዜ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25)፤ አንቺም ለቆንስላው ማመልከት ኃጢአት አይደለም።

የክርስትና ስምሽን ለንስሓ አባትሽ ዛሬውኑ ላኪላቸው። በቅዳሴ ስለ መንገደኞች ጸሎት በሚደርስበት ጊዜ ስምሽን ያነሡልሻል፤ አንቺም በዚያች ሰዓት ዕቃ እያጠብሽ ቢሆን እንኳ «አሜን» በዪ።