የማይታዘዘው ጫፍና የባንኩ ወንበር

ከኮዬ ፈጬ ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

የኤሌክትሮመካኒካል ተመራቂ ነሽ። ለመመረቂያሽ፣ ሐኪም ሆድ ውስጥ አስገብቶ እንደሚያይበት የኢንዶስኮፒ ቱቦ የሚተጣጠፍ፣ ሞተሮች በቀጭን ሽቦ የሚስቡት የሮቦት ክንድ እየሠራሽ ነው፤ ጫፉ ግን ታጥፎ ሲመለስ መነሻው ላይ አይቆምም። አማካሪሽ «ርዕስ ቀይሪ» ይልሻል፤ አጎትሽ የኮንዶሚኒየሙን ዕዳ እንድትከፍዪበት ባንክ ቦታ አግኝተውልሻል፤ ውጭ አገር ማስተርስ መማርንም አንስተሻል። «እዚህ አገር ይህን ማን ይፈልገዋል?» ያልሽው ውስጤን ነካኝ።

ርዕሱን አትቀይሪ። የባጃጅ ፍሪሲዮን ሽቦ ሲያረጅ እጀታው ተጨብጦም ወዲያው እንደማይዝ አይተሻል? ያንቺም ችግር እሱው ነው። ሽቦው በታጠፈ ቁጥር ከሽፋኑ ጋር ይፋተጋል። የፍትጊያው ኮፊሸንት (የፍትጊያውን ብርታት የሚገልጸው ቁጥር) 0.2 ሆኖ ሽቦው ግማሽ ክብ ከዞረ፣ ሞተሩ ከሳበው ኃይል ወደ ግማሽ የሚጠጋው መንገድ ላይ ይቀራል። ሞተሩ አቅጣጫ ሲቀይር ደግሞ አስቀድሞ የላላውን ይሰበስባል፤ ያን ጊዜ ጫፉ ንቅንቅ አይልም። መዞሩን የሚለካው ኢንኮደርሽ ሞተሩ ላይ ስለሆነ ይህን አያየውም። ሌሊቱን ሙሉ የፒአይዲውን፣ ማለትም ሞተሩን የሚቆጣጠረውን ቀመር፣ ቁጥር ስትቀያይሪ ያደርሽው በከንቱ የሆነው ለዚህ ነው።

ሚሊሜትር ወረቀት አንጥፊ፣ ስልክሽን ከላይ እሰሪ፣ ሞተሩን በየ5 ዲግሪው ወደፊት ከዚያም ወደኋላ እያዞርሽ ጫፉ ያለበትን መዝግቢ። የሄደበትና የተመለሰበት መስመር አይገጥሙም። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ለክተሽ፣ አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር ሞተሩ ያንኑ ያህል ጨምሮ እንዲዞር ኮድሽ ውስጥ አስገቢው። ዳ ቪንቺ የተባለው የቀዶ ሕክምና ሮቦት በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ሲያገኝም የመሣሪያዎቹን አንጓ የሚያዞሩት ቀጫጭን ሽቦዎች ነበሩ። ይህ የጀማሪ ስህተት አይደለም።

ማን ይፈልገዋል ላልሽው፦ ስድስት ዓመት በአንድ የመጠጥ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ሠርቻለሁ። ቺንጊያ ላልቶ የማሸጊያው ክንድ ቦታውን ሲስት፣ ከውጭ ባለሙያ እስኪመጣ መስመሩ ቆሞ ሰንብቷል። የላላውን ለክቶ የሚያካክስ ሰው ያኔ አጠገባችን አልነበረም።

ባንኩ ክፉ ሥራ አይደለም፤ አምስት ዓመት የተማርሽበት ግን አይደለም። የኮንዶሚኒየሙን ዕዳ በተመለከተ፣ ሁለቱ ወንድሞችሽ ደመወዝተኞች መሆናቸውን ራስሽ ጽፈሻል። ቤቱ የሁላችሁም ነው፤ ክፍያው በአንቺ ትከሻ ላይ ብቻ የሚወድቅበት ምክንያት የለም። ይህን ለአጎትሽ በአክብሮት፣ ግን ሳትሸሺ ንገሪያቸው። የውጭ አገር ማስተርሱ ይቆይ።

ሁለቱን መስመሮች የሣልሽበትን ወረቀት ይዘሽ ከቃሊቲ እስከ ዱከም ያሉትን ፋብሪካዎች ዙሪ። የሰው ኃይል ክፍል ማመልከቻ ጥለሽ አትመለሺ፤ የጥገና ኃላፊውን አስጠሪ።